ከነሐሱ አበባ ጀርባ

አክስቴ ፖስታ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ፣ አንድም ቀን በዋናው በር ገብታ አታውቅም ነበር። ሠራተኛ የሚገባው በጓሮ፣ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት፣ ክረምት ከበጋ የረጠበ ካርቶን በሚሸት በር ነው። ዋናው በር የደንበኛና የሹማምንት ነበር። ሕንጻው ሦስት ዓመት ተዘግቶ ከታደሰ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጎብኚ ክፍት እንደሚሆን በሬዲዮ የሰማች ዕለት፣ የያዘችውን ሻይ ሳትጨርስ፣

"ውሰጂኝ" አለችኝ።

"ሄደሽ ምን ልታዪ ነው?" አልኳት።

ለክፋት አልነበረም። እኔ የምሠራው መነጽር ቤት ነው፤ የዓይኗን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መሃሉ ጠፍቶባታል። ፊት ለፊቷ የቆመ ሰው ፊቱ ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ነው የሚታያት፤ ጆሮውና ትከሻው ግን አለ። ሰው ስታናግር አንገቷን ሰበር አድርጋ በዓይኗ ጥግ ስለምታይ፣ የማያውቃት ሁሉ "እኚህ ሴትዮ ምን በደልኳቸው?" ይላል።

"ጥጉን እኔ አያለሁ" አለች። "መሃሉን አንቺ ትነግሪኛለሽ።"

ያን ጊዜ አክስቴ ብዬ አልጠራትም ነበር። እማ ነበር የምላት። እናቴ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ሞታለች። አባቴ ደግሞ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ሆሄ እየለቀመ የሚደረድር ፊደል ለቃሚ ነበር፤ አራት ዓመቴ ላይ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ሄዶ፣ እዚያው በሳንባ በሽታ ሞተ ተብሎ ነው የተነገረኝ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቱ ናት። አላገባችም። አግቢኝ ብሎ የሚመጣውን "እኔ ከነልጄ ነኝ፤ ሁለት ሰው የሚሸከም ትከሻ ካለህ ግባ" ትለው ነበር አሉ። የገባ የለም።

ቁጥብ ሴት ናት። ሳቋም ቁጣዋም አጭር ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ከጎረቤት ልጅ ተጣልቼ ይቅርታ በወረቀት ጽፌ ልልክ ስል፣ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ምድጃ ውስጥ ከተተችውና "ሄደሽ በአፍሽ ንገሪያት። ወረቀት የማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም" አለችኝ። የፖስታ ቤት ሠራተኛ እንዲህ ማለቷ ያኔ አስቆኝ ነበር።

ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በዋናው በር ገባን። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ የበሩን እጀታ ዳሰሰች፤ ከዚያ ክንዴን ያዘች። ጎብኚው ሃያ ይሆናል። አስጎብኚዋ ወጣት ናት፤ ድምጿ እንደ ደወል የሚያስተጋባ። አዳራሹ እውነትም አፍ ያስከፍታል። አሥራ ስድስት የእብነ በረድ ምሰሶ፣ የጠርዙ እንጨት በወይን ሐረግ የተቀረጸ ረጅም ባንኮኒ፣ ከላዩ በነሐስ ዘንግ የተከፋፈሉ መስኮቶች፣ ወለሉ ላይ በትንንሽ ድንጋይ የተሣለ መርከብ። ጣሪያው ከሁሉ ይበልጣል። ደመና መሃል ክንፍ ያላቸው ሴቶች ደብዳቤ ይቀባበላሉ፤ የደመናው ጠርዝ ወርቅ ተቀብቷል።

እኔ በጆሮዋ አንድ በአንድ እነግራታለሁ። "ክንፍ ያላቸው ሰባት ሴቶች" ስላት፣

"ስድስት ናቸው" አለችኝ። "ሰባተኛዋ ደመና ናት። ደጋግመሽ ካላየሻት ሴት ትመስላለች።"

ቀና ብዬ ቆጠርኩ። ስድስት ናቸው።

"በዚህ በኩል ገብቼ አላውቅም አላልሽም እንዴ?"

ክንዴን ሳብ አድርጋ ወደ ፊት ሄደች።

አስጎብኚዋ ከባንኮኒው በላይ፣ ግድግዳው ላይ በረድፍ ወደተሠሩት ዘጠኝ የነሐስ አበቦች አመለከተች። እያንዳንዳቸው የመኪና ጎማ ያህላሉ፤ ቅጠሎቻቸው ስስ ናቸው፣ በቅጠሎቹ መሃል ቀዳዳ ቀዳዳ አለ።

"እነዚህ ደግሞ" አለች አስጎብኚዋ፣ "የጥንት ባለሙያዎች ጥበብና ጥቅምን እንዴት እንዳስማሙ ያሳያሉ። አየር ማስገቢያ ናቸው።"

"አየር አይደለም" አለች እማ።

ሰው ሁሉ ዞረ። በሕይወቷ ሰው ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

"እማማ፣ በጽሑፉ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው" አለች አስጎብኚዋ በትሕትና።

"ጽሑፍማ ያለውን ይላል። ከጀርባው ክፍል አለ። ከክፍሉ ሆነሽ ታች ያለውን ሁሉ ታያለሽ፤ ታች ያለው አያይሽም።"

አንድ ጎብኚ ሳቅ አለ። አስጎብኚዋ ፈገግ ብላ "ዕቃ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ለጉብኝት አልተፈቀደም" አለችና ሰዉን ይዛ ወደ ቴምብሮቹ ሄደች። እኛ ባለንበት ቀረን። ያን ጊዜ በር ላይ የነበረው ሽማግሌ ዘበኛ በትሩን እየጎተተ መጥቶ አክስቴን ከታች እስከ ላይ አያት።

"ላባ!" አለ። "አንቺ አለሽ እንዴ?"

አንገቷን ሰብራ በጥግ ዓይኗ አየችው። "አንተስ? ሞተህ የለ እንዴ?"

"ሊቀብሩኝ መጥተው ፈረቃዬ አላለቀም አልኳቸው" አለ ዘበኛው፣ ጥርስ በሌለው አፉ እየሳቀ። ወደ እኔ ዞረና "ላባ ነበር የምንላት። እጇ ነዋ! ነክታ እንዳልነካች። እኛ ቀልደኞቹማ 'ላባና ሌባ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው' እንላት ነበር" አለ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ፤ ማለት የሌለበትን እንዳለ ገባው።

"ቁልፉ አለህ?" አለችው።

"አለ። ግን ምን ያደርግልሻል?"

"ክፈትልኝ።"

በጓሮ በኩል ባለው ጠባብ ደረጃ ወጣን። ሠላሳ ስምንት ደረጃ ነው፤ እሷ ነበረች የምትቆጥረው። ዘበኛው ከፍቶ አስገባንና እሱ ደጅ ቀረ። ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው፤ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ የተደራረቡ ወንበሮች፣ መወልወያና ባልዲዎች ተከማችተውበታል። በአንደኛው ግድግዳ ዘጠኙ የነሐስ አበቦች በጀርባቸው ይታያሉ፤ ጀርባቸው ጥበብ የለውም፤ ብሎንና የተበየደ ሽቦ ነው። እማ ግድግዳውን እየዳሰሰች ሄዳ አራተኛው አበባ አጠገብ ቆመች።

"እዚህ ነበር" አለች። "ወንበር ስጪኝ።"

ከተደራረቡት አንዱን አወረድኩላት። ተቀመጠች። እኔ በአበባው ቀዳዳ ወደ ታች አየሁ። ሁሉም ነገር ይታያል። አንድ ሰውዬ ማንም የማያየው መስሎት ከምሰሶው ኋላ አፍንጫውን ይጎረጉራል። አስጎብኚዋ እግሯን ስላመማት አንዱን ጫማዋን አውልቃ ቆማለች። ከፊት ለፊቴ ደግሞ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካቸው እስኪመስለኝ፣ ስድስቱ ሴቶች።

ከዚያ ነገረችኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ስትቀጠር ታች ደብዳቤ ለያይ ነበረች። እጇ ፈጣን ነው። ሠላሳ ዓመት ሲሞላት ኃላፊው ጠርቶ "ከነገ ጀምሮ ላይ ነሽ" አላት። ምን እንደሚሠራ አልጠየቀችም፤ በዚያ ዘመን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ላይ አምስት ሆነው ነበር የሚሠሩት። አንድ ማንቆርቆሪያ፣ ከአጥንት የተሠራ ቀጭን ቢላ፣ የሙጫ ብሩሽ። ፖስታውን በእንፋሎት አለስልሰው ይከፍታሉ፣ ያነባሉ፣ እንደነበረ አጣጥፈው ያሽጋሉ። በሚፈለጉ ሰዎች ዝርዝር ላይ ያለ ስም፣ ወይም የሚፈለግ ሰው ያለበት ቦታ ከተጠቀሰ ግን አይታሸግም፤ ግድግዳው ሥር ወዳለው የብረት ሳጥን ይገባል። ሳጥኑ በላዩ ስንጥቅ ብቻ ነው ያለው፤ ቁልፉ እነሱ ጋ የለም። ማታ ማታ አንድ ሰው መጥቶ ይወስደዋል። ሰውየው "እንዴት ዋላችሁ" ይላል፤ ጨዋ ነበር።

"የምንከፍተው ደብዳቤ ብዙ ነው፤ ሳጥን የሚገባው ጥቂት" አለች። "ለራሴ እንደዚያ እል ነበር። ጥቂት ነው እል ነበር።"

"ለምንድን ነው አሁን የምትነግሪኝ?"

"ዓይኔ ሳይጠፋ ክፍሉን ላየው ብዬ ነበር። ምንም አልቀረም እንጂ። እኛን የሚመስል ምንም የለም።" እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። "አንድ ቀን የአባትሽ ጽሕፈት ከክምሬ ውስጥ ወጣ።"

ከአበባው ዞሬ አየኋት።

"የላኪው ስም ሌላ ነው። ግን የ'ለ'ን ሁለተኛ እግር እንዴት እንደሚያስረዝም አውቃለሁ፤ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ማተሚያ ቤታቸው ውስጥ መንግሥትን የሚቃወም ወረቀት በድብቅ ተለቅሞ ታትሞ ተበተነ፤ ከዚያ ወዲህ ነበር የጠፋው። ሥራ ፍለጋ አልሄደም። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ነበር፤ በየቀኑ አየው ነበር። እሱ እኔ ጥቅል ዕቃ የምመዝን ነበር የሚመስለው። ላይ መሆኔን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ደብዳቤው ለወዳጁ ለሰዓት ጠጋኙ ነው። ከፈትኩት። ያለበትን ከተማ፣ ያለበትን ቤት ጽፎ ነበር። አንብቤ ጭኔ ሥር ሸሸግኩት።"

"እሺ?"

"ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ከአጠገቤ የምትቀመጠው ሴት የአጎቷን ልጅ ደብዳቤ አሳልፋ ተገኘች። ከወንበሯ አንስተው ወሰዷት። ካፖርቷ መስቀያው ላይ ቀረ። ማንም ደፍሮ አላነሳውም። እና እኔ ደብዳቤውን ጭኔ ሥር ይዤ፣ የኃላፊው ጫማ ከኋላዬ ሲንቋቋ ሰማሁ። አንዳንድ ቀን ከየሰው ክምር ዘግኖ ደግሞ ያነብ ነበር። አወጣሁና ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።"

ታች ጎብኚዎቹ ያጨበጭባሉ። አስጎብኚዋ ጨርሳለች መሰለኝ።

"ወደ እኔ አልነበረም የሚመጣው" አለች። "መስኮት ሊዘጋ ነው የተነሳው። ዘግቶ ተመለሰ። የዚያን ቀን ክምሬን ያየው ሰው የለም።"

"ከዚያስ?"

"ከአራት ወር በኋላ ልብሱን በወረቀት ጠቅልለው አመጡልኝ። ፈርሚ አሉኝ፤ ፈረምኩ።"

"የሳንባ በሽታ አልሽኝ።"

"አዎ።"

"ሥራውንስ ተውሽ?"

"አራት ዓመት ሠራሁ። እዚሁ ወንበር ላይ። መንግሥት ሲለወጥ ክፍሉ ተዘጋ፤ እኛም ወደ ታች ተመለስን።"

የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ለምን?"

"ቤት አንቺ ነበርሽ። አራት ዓመትሽ ነው። እኔ ከተወሰድኩ የሚያነሳሽ አልነበረም…" አለችና አቋረጠች። ራሷን ነቀነቀች። "ይህን ለራሴ ስነግረው ነው የኖርኩት። ለአንቺ ግን አልዋሽሽም። በዚያች ደቂቃ አንቺ ትዝ አላልሽኝም። ትዝ ያለኝ ካፖርቱ ነው።"

ተነስቼ ወጣሁ። ዘበኛውን አልፌው፣ ደረጃውን ወርጄ፣ አዳራሹን አቋርጬ በዋናው በር ወጣሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም። ሦስት መንገድ ተሻግሬ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተቀመጥኩ። አውቶቡስ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ሾፌሩ ያየኛል፣ ይሄዳል። ልጅ ሳለሁ ትኩሳት ሲይዘኝ የሚሸከመኝ ጀርባዋ ትዝ አለኝ፤ ጸጉሬን ስትሠራኝ የማያሳምሙት ጣቶቿ። ነክተው እንዳልነኩ። እነዚያው ጣቶች ናቸው። እዚያው ፌርማታው ኋላ አስታወክሁ። አንዲት ሴትዮ ውሃ ሰጠችኝና "አይዞሽ፣ ስንት ወርሽ ነው?" አለችኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ።

ሁለት ሰዓት ያህል ከተቀመጥኩ በኋላ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ያቺ ሴት ደረጃው አይታያትም። ሠላሳ ስምንት ደረጃ መቁጠር ትችላለች፤ የመጀመሪያው የት እንዳለ ግን ማየት አትችልም።

ስመለስ ዋናው በር ተዘግቷል። በጓሮ ዞርኩ። ዘበኛውና እሷ የዕቃ ማውረጃው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በእሱ ፔርሙስ ክዳን ሻይ እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። ዘበኛው ሲያየኝ ተነሳ።

"አውርጃታለሁ" አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ወቀሳ ነበረ። ከዚያ ጠጋ ብሎ "ልጄ፣ ሁላችንም እዚህ ነበርን። በር የምከፍተው እኔ ነበርኩ" አለ።

ክንዴን ሰጠኋት። የት ሄድሽ አላለችኝም። በአውቶቡስ ተሳፍረን ቤት ገባን።

ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት አሥር ወር ኖርን። የዓይን ጠብታዋን ጠዋትና ማታ አደርግላታለሁ። ምግቧን አቀርባለሁ። ልብሷን አጥባለሁ። "በላሽ?"፣ "በቃኝ"፣ "ዝናብ ሊመጣ ነው" እንባባላለን። እማ ማለት ግን አልሆነልኝም። ሆን ብዬ አይደለም፤ ቃሉ ከአፌ ሲደርስ ይመለሳል። የመጀመሪያ ጊዜ "አክስቴ" ያልኳት መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ ለሠራተኛዋ ስናገር ነው። ሰምታለች። ፊቷን ወደ ጎን አዞረች፤ ዓይኗ እንደዚያ ስለሆነ ነው፣ ወይስ በሌላ ምክንያት፣ ዛሬም አላውቅም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ "ምን ሆነሻል?" ይለኛል። ምን እላለሁ? የሚወጣ ነገር አልነበረም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። አንዳንድ ቀን በሯ ላይ ቆሜ ተኝታ አያታለሁ። ክፉ ሰው ብትሆን እንዴት በቀለለኝ! ክፉ ሰው አልነበረችም። ጎረቤት ሲታመም ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ይህን የሚያህል ነገር አድርጎ እንዲህ ደግ መሆን ይቻላል ብዬ አላውቅም ነበር። ወይም ደግነቱ ከዚያው የመጣ ነው። አላውቅም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥፍሯን እየቆረጥኩላት ሳለ፣ ሳላስበው፣

"ምን ነበር የሚለው?" አልኳት።

ስለምን እንደምጠይቅ አልጠየቀችኝም። "ጻፊ" አለች።

አጠገቤ የነበረው የመሥሪያ ቤቴ የመነጽር ማዘዣ ወረቀት ነው፤ በጀርባው ጻፍኩ። አርባ ዓመት ሙሉ በልቧ ይዛው ኖራለች። ሳትደናቀፍ፣ የእሱን ድምፅ ለመኮረጅ ሳትሞክር፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ አለችው፦

"ወንድሜ፣ ደህና ነኝ። ከጨው ፋብሪካው ጀርባ ሁለተኛው ቤት ተከራይቻለሁ። ባለቤቷ ጆሮዋ ስለማይሰማ እንደ ልቤ አንጎራጉራለሁ፤ አንተ ብትሆን ቤቱን ለቀህ ትሄድ ነበር። ሁለት ነገር ላክልኝ። አንድ፣ አንድ ፓኬት ምላጭ። ሁለት፣ እህቴ ቤት ሂድና የልጄን እግር በክር ለክተህ ክሩን በፖስታ ላክልኝ። እዚህ ጥሩ ጫማ ሰፊ አግኝቻለሁ። የት እንዳለሁ ግን ለእህቴ እንዳትነግራት። ካወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም።"

ከዚያ የሰዓት ጠጋኙን አድራሻ፣ መንገዱን፣ የሱቁን ቁጥር ነገረችኝ። ያልቆረጥኩላት ሁለት ጥፍር ቀርቶ ነበር። ቆረጥኩላት።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ጠዋት ሻይ ይዤ ስገባ በተኛችበት ሞታ አገኘኋት። ደም ግፊት ነው አሉ። ቀብሯ ላይ ጎረቤት ሁሉ መጣ፤ ከፖስታ ቤት ዘበኛው ብቻ። "እንዲህ ያለች ደግ ሴት" እያሉ ሲያለቅሱ እኔ እንባ እምቢ አለኝ። ያለቀስኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ የዓይን ጠብታዋ ግማሹ ሳያልቅ መስኮት ላይ ቆሞ ሳየው።

ሰዓት ጠጋኙ ይኖራል ብዬ አልጠበቅሁም። ሱቁ ግን እዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያው ቁጥር አለ። ሽማግሌው በአንድ ዓይኑ ማጉያ መነጽር ሰክቶ የሴት የእጅ ሰዓት ላይ አቀርቅሯል። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ጥፍር የለውም።

"ይቅርታ አባቴ" አልኩት፣ "እኔ የፊደል ለቃሚው ልጅ ነኝ። የጥንት ወዳጅዎ ልጅ።"

ቀና አላለም። መፍቻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "ለእሱ ልጅ ይህ ሱቅ ዝግ ነው።"

"ምን አደረገዎት?"

"ምን አደረገኝ!" አሁን ቀና አለ። በማጉያው ውስጥ ዓይኑ የእንቁላል ያህል ሆኖ አፈጠጠብኝ። "ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ታስሬያለሁ። ለምን እንደያዙኝ ስጠይቃቸው 'ወዳጅህ ነው ስምህን የሰጠን' አሉኝ። እህል ውሃ የተካፈልኩት ሰው! ሞተ ሲሉኝ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ተፋሁ። አሁንም ውጪልኝ።"

አልወጣሁም። የመነጽር ማዘዣውን ዘርግቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁለት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ክፍሉን፣ ሳጥኑን፣ ማን እንደከተተው። "ስምዎን የሰጠ ሰው የለም" አልኩት። "ፖስታው ላይ ተጽፎ ነበር።"

አነበበው። ማጉያውን አውልቆ ደግሞ አነበበው። ከዚያ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ እንዳደረገ ቀረ።

"እህትየዋ ትኖራለች?"

"ከሞተች ሁለት ሳምንቷ ነው።"

"እንኳን ሞተች አልልም" አለ። "እንኳን አላየኋት ነው የምለው።" ቀጥሎ "ወረቀቱን ተይልኝና ሂጂ" አለኝ።

ያለኝ ቅጂ እሱ ብቻ ነበር። ትቼለት ሄድኩ።

በሳምንቱ ስመለስ ሱቁ ውስጥ ያገኘሁት የልጁን ባል ነው። "አንቺ ነሽ እንዴ?" አለኝ በቁጣ። "ምን ነገርሽው? ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአልጋ አልወረደም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰደብኩት ሰው ንጹሕ ነው እያለ ግድግዳ ያናግራል።"

"እውነቱን ነው የነገርኩት።"

"ማን ጠየቀሽ?"

እውነትም የጠየቀኝ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሄጄ ዝግ ሆኖ ጠበቀኝ። በሦስተኛው ሽማግሌው ራሱ ከፈተልኝ። ከስቷል፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ወረቀቱ በመስታወት ሥር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ወንበር አቀረበልኝ፤ ሰዓት ሲፈታ ተቀምጬ አየሁ።

"ምላጭ" አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር። "የትኛውን ጺም ሊላጭ! ሦስት ጸጉር ነበረው፤ እነሱንም በስም ነበር የሚያውቃቸው። ጎረምሳ ሆነን በየቀኑ ይላጫል፤ ይበቅልልኛል ብሎ። እኔ ስስቅበት ደግሞ ይዘፍንብኛል። ድምፁን ሰምተሽ አታውቂ፤ ዘይት ያልተቀባ የበር ማጠፊያ ነበር።"

ስለ አባቴ ሰው ሲያወራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አክስቴ ስለ እሱ አንድም ቀን አውርታልኝ አታውቅም።

"ቀጥል" አልኩት፣ አንቱታውን ረስቼ።

ሰዓቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ቀጠለ።